የግራ ዓይኗ ቆብ

እህቴ ቂመኛ ናት። ይህን የምለው ላማት ፈልጌ አይደለም። እኔም ቂመኛ ነኝ፣ እናታችንም ቂመኛ ነበረች፤ በቤታችን ይቅር ባይ የነበረው አባታችን ብቻ ነው፣ እሱም ይቅር የሚለው ቶሎ ስለሚረሳ ነው። ልዩነቱ እኛ እንጮኻለን፣ እንሳደባለን፣ ድስት እናጋጫለን፣ ከዚያ ይወጣልናል። እትዬ ግን ዝም ትላለች። መርፌዋን ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ ስትቀመጥ ያያት ሰው "እንዴት ያለች ረጋ ያለች ሴት ናት" ይላል። እንዲህ የሚሉት የማያውቋት ናቸው።

ሁለታችንም የምንሠራው አንድ የሴቶች ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ነው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሦስት የስፌት መኪና፣ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ካውያ፣ መስኮቱ ሥር ደግሞ የእትዬ ወንበር። እኔ መኪና ላይ ነኝ። እሷ የእጅ ሥራ ነው የምትሠራው። ጠርዝ ትዘመዝማለች፣ የቁልፍ ቀዳዳ ትሠራለች፣ አልገጥም ያለ እጅጌ ፈትታ ትመልሳለች። የእሷ ክር ከውጭ አይታይም። አንዳንድ ደንበኛ ቀሚሱን ገልብጣ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ወደ ብርሃኑ አስጠግታ ክሩን ስትፈልግ እያየን በሆዳችን እንስቃለን። እትዬ በሕይወቷ የምትኮራበት ነገር ይህ ነበር። ሌላ የምትኮራበት ነገር አላውቅም።

ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሱቁ ከእኛ ስፌት ቤት ዝቅ ብሎ፣ መታጠፊያው ላይ ነው። ሰፈሩ በሙሉ "ፍልቅልቁ" ይለዋል፤ ፊቱ አይጨልምም፣ አፉም አያርፍም። ሰው ወደ እሱ የሚሄደው ፀጉሩ ስላደገ ብቻ አይደለም፤ ጨዋታ ሊሰማ ነው። የሰው አነጋገር ያስመስላል፣ የሰው አረማመድ ያስመስላል፤ ደረሰኝ የሚቆርጠውን፣ ዳቦ የምትሸጠውን፣ ሰካራሙን ጎረቤት፣ ሁሉንም በተራ እያመጣ በወንበሩና በመስታወቱ መሀል ያቆማቸዋል። እውነቱን ለመናገር እኔም ስቄለታለሁ። በእህቴ ላይ እጁን አንሥቶ አያውቅም። ይህን ከወዲሁ የምነግራችሁ የሚመጣው ነገር እንዳይምታታባችሁ ነው፤ ለእሱ አዝኜ እንዳይመስላችሁ።

ነገሩ የጀመረው እትዬ ከዕቃ ጋር መጣላት ስትጀምር ነው። በግራዋ በኩል ያለ ነገር ሁሉ ጠላቷ ሆነ። የበሩ መቃን ትከሻዋን ይመታታል፣ ብርጭቆ በክንዷ ትጥላለች፣ ደረጃው ጥግ ላይ ያለውን ባልዲ በየቀኑ ትረግጠዋለች። እሷም መጀመሪያ ላይ ትስቅ ነበር። "እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ" ትላለች። አንድ ቀን ግን ስፌት ቤት ውስጥ መቀስ ለማንሣት እጇን ዘርግታ የጋለ ካውያ ላይ አሳረፈችው። እጇ ላይ ቅቤ እየቀባሁ፣ "እትዬ፣ ካውያው እኮ ከፊትሽ ነው ያለው" አልኳት።

"አላየሁትም" አለችኝ።

"እንዴት አታዪውም?"

"አላየሁትም አልኩሽ እኮ!"

በማግስቱ ዓይን ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምታስረዳው። ግላኮማ ነው አለችን። ዓይን ውስጥ ያለው ውሃ መውጫው ሲጠብበት ግፊቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ከኋላ ያለውን ነርቭ ይጎዳል፣ እይታም ከዳር ከዳር እየተበላ ይሄዳል። "የጠፋው አይመለስም፣ እናቴ" አለቻት። "ጠብታው ያለውን ነው የሚያቆይልዎ። በየማታው አንድ ጠብታ፣ የግራው ዓይን ላይ። የቀኙን ለጊዜው እየተከታተልን እንቆይ።"

"እስከ መቼ?" አለች እትዬ።

"ዕድሜ ልክ።"

ነርሷ ደግሞ ጠብታው እንዴት እንደሚገባ ስታሳያት አንድ ነገር ጨመረች። መድኃኒቱ የዓይንን ቆብ ያጠቁራል፣ ሽፋሽፍት ያሳድጋል፣ አንዳንዴም ዓይኑን ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ ስለዚህ የፈሰሰውን ወዲያው በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ነው። "ቢጠርጉትም ትንሽ ለውጥ አይቀርም። አይደንግጡ፣ ጉዳት የለውም።" እትዬ ሳቀች። "በዚህ ዕድሜዬ ሽፋሽፍት! ባሌ ምን ሊል ነው?" አለች። ከሐኪም ቤት ስንወጣ ከፍርሃቷ ይልቅ ለባሏ እንዴት እንደምትነግረው ነበር የምታስበው። እንዳይደነግጥባት። ይኸው፣ እንዲህ ነበር የምትወደው።

እኔ ወደ ሥራ ተመለስኩ፣ እሷ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደች። የሆነውን የነገረችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በሩ ላይ መጋረጃ አለ። መጋረጃውን ልትገልጥ ስትል ሳቅ ሰማች፣ ቆም አለች። ባሏ የደንበኛ ፎጣ እንደ ነጠላ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ እጁን ወደፊት ዘርግቶ፣ እንደ እሷ እየተንደረደረ ይሄዳል። ከመስታወቱ ጠርዝ ጋር ይጋጫል። ለመስታወቱ እጅ ይነሣል። "ይቅርታ ወይዘሮ በር፣ አላየሁዎትም! ባለቤትዎ ደህና ናቸው?" ይላል። ቀጥሎ ወንበሩን ይመታዋል። ቀጥሎ ግድግዳውን። ሰዎቹ እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ። ከሁሉም አብልጦ የሚስቀው አንድ ጡረተኛ ሹፌር ነበር፤ ግማሽ ፊቱ ሳሙና ነው፣ "ድገመው! በሩን ድገመው!" ይላል። እትዬ መጋረጃውን ለቀቀችና ወደ ቤቷ ሄደች።

ስለ ሕመሙ ማታ ነገረችው፣ ስላየችው ነገር ግን ምንም አልተናገረች። ደነገጠ። እውነት እላችኋለሁ፣ ደነገጠ፤ አጠገቧ ተቀምጦ እጇን ይዞ፣ "እኔ አለሁልሽ፣ እኔው ነኝ የማደርግልሽ" አላት። የፀጉር አስተካካይ እጅ አይንቀጠቀጥም። በየማታው አንገቷን ትራስ ላይ አስደግፎ ያንጠባጥብላታል፣ በጥጥም ይጠርግላታል። እሷ ደግሞ ትጠብቃለች። ምን እንደምትጠብቅ እኔ አውቃለሁ፤ "እንዲህ ብዬ ስቄብሽ ነበር፣ ሕመም መሆኑን አላወቅኩም፣ ይቅር በይኝ" እንዲላት ነበር። ይህችን ብቻ ቢል የቤታችንን ደም ክዳ ይቅር ትለው ነበር ብዬ አምናለሁ።

እሱ ግን ምን አደረገ? ሰው አስለመደ፣ ሰው ደግሞ "ድገመው" አለ፣ ደገመው። አንድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ክር እንድገዛ ልካኝ ሱቁ በር ላይ ሳልፍ በጆሮዬ ሰማሁ፣ በመጋረጃው ክፍተትም በዓይኔ አየሁ። አዲስ ነገር ጨምሮበታል። ወንበሩ ላይ ጋደም ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉን እንደ ወፍ ጫጩት ከፍቶ፣ "ገባ? ገባ እንዴ? ጉሮሮዬ ውስጥ ነው የገባው!" እያለ ነው። በየማታው በእጁ ሥር የምታደርገውን ነው። ይህን ከእሱ በቀር ያየው ሰው የለም።

ክሩን ሳልገዛ ተመለስኩ። ነገርኳት። ልንገራት አልንገራት ብዬ አላመነታሁም፤ ንዴቴ እግሬን ቀድሞ ነው የደረሰው። እትዬ መርፌዋን ከጨርቁ ላይ ሰካችና፣ "እሱንም ጨመረው?" አለች። ያን ጊዜ ነው ስለ መጀመሪያው ቀን የነገረችኝ። እኔ ሄጄ ሱቁን ልገለብጠው ተነሣሁ። "ተቀመጪ" አለችኝ። ተቀመጥኩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እሷ ደግሞ ከተወጉትም መሀል መርፌ የለመደች ናት።

ከዚያ ማታ ጀምሮ ጠብታውን ከእጁ ወሰደችው። "እኔው ላድርገው፣ ለምጄዋለሁ" አለችው። እጇ ግን አልለመደም። ግማሹ ዓይኗ ውስጥ፣ ግማሹ ቆቧ ላይ ነው የሚፈስሰው፣ እሱንም አትጠርገውም። ወራት ሲያልፉ የግራ ዓይኗ ቆብ እየጠቆረ መጣ። መጀመሪያ ቡናማ፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅ የመሰለ። ዙሪያው ቀላ። ዓይኗ ወደ ውስጥ ሰረጎደ። ሽፋሽፍቷማ እንደ ሙሽራ ረዘመ፣ ግን ከሥሩ ያለው ጥቁረት ውበቱን አስረሳው። የቀኙ እንደ ድሮው ነው፤ በአንድ ፊት ላይ ሁለት ሴት የተቀመጡባት ነበር የምትመስለው።

አንድ ጠዋት አሠሪያችን በሩን ዘጋችና እትዬ ፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ደግ ሴት ናት፣ ወሬ ትወዳለች እንጂ።

"እኔ እህትሽ ነኝ" አለቻት። "አትደብቂኝ። ማነው እንዲህ ያደረገሽ?"

እትዬ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ እኔን አየችኝ። መልሱ ቀላል ነበር፤ ጠብታው ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ አውጥቶ ማሳየት ነው። አንገቷን መልሳ ደፋችና፣ "በር መታኝ" አለች።

"በር?"

"በር ነዋ። አልሰማሽም እንዴ? እሱ ሁልጊዜ ለሰው የሚያወራው የለም?"

አሠሪያችን አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ወዲያው ገባኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! መኪናዬን ረግጬ ሳቄን በድምፁ ደበቅኩ። እትዬ አንድም የውሸት ቃል አልተናገረችም። የራሱን ቀልድ አንሥታ ነው በራሱ አናት ላይ ያስቀመጠችለት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ በሙሉ ያን ሁሉ የሳቁበትን ጨዋታ እንደገና አሰበው። ለካ ሚስቱ ከበር ጋር ትጋጫለች እያለ የሚያስቀን ዱላውን ሊሸፍን ኖሯል! ለካ እኛን ምስክር ሊያደርገን ነው! ወንዶቹስ ብዙም አልገደዳቸው፤ ሚስቶቻቸው ናቸው የጨከኑት። እያንዳንዷ ባሏን ሌላ ፀጉር ቤት ላከች፣ ልጇንም ላከች፣ አማቿንም ላከች። "በዚያ እጁ ራስህን ይነካህና እኔ ጋ ትመጣለህ?" ትለዋለች። ከሁሉ ያሳቀኝ ጡረተኛው ሹፌር ነው። "እኔማ ያኔም ጠርጥሬ ነበር፣ ሳቁ ጤናማ አልነበረም" እያለ ሲያወራ ሰማሁት። የማን ሳቅ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ፍልቅልቁ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ወደ ቤት ሮጦ መጣ። ያን ቀን እዚያ ነበርኩ።

"ሰው ሚስቱን ይመታል ይላል! እኔን! ለምን ጠብታው ነው ብለሽ አትነግሪያቸውም?"

"በር መታኝ ነው ያልኩት" አለችው።

"በር መታኝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አታውቂም?"

"አንተ አይደለህ ያስተማርከኝ?"

ሲያስመስላት ማየቷን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ወደ እኔ ዞሮ አየ፣ እኔም ዓይኔን አልሰበርኩለትም። "ቀልድ እኮ ነው" አለ። "ሰው ለማሳቅ ነው። ምን ጎዳሁሽ?"

እትዬ ያን ጊዜ የምትፈልገውን ቁርጥ አድርጋ ነገረችው። "በሳቅክበት ቦታ ቁም። በሳቁት ሰዎች ፊት፣ 'ሚስቴ ዓይኗ ሲጠፋ እኔ ሳስቅባት ነበር' በል። እኔም በዚያው ቀን እመጣና ጠብታ ነው እላለሁ። ካልሆነ ግን እኔ ምንም አልልም።"

"እኔ? ደንበኞቼ ፊት?"

"ሚስትህ ደንበኞችህ ፊት ቆማ የለም እንዴ?"

አላደርገውም አለ። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ተቋጠረ። እሱ መናገሩን እንደ ሞት አየው፣ እሷ ያለዚያ አፏን ላትከፍት ማለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሁለቱም አልለቀቁም። አንድ ቤት ውስጥ ይበላሉ፣ አንድ ቤት ውስጥ ይተኛሉ፣ እሱ ባዶ ሱቅ ከፍቶ ይውላል፣ እሷ የጠቆረ ቆቧን ይዛ ከሱቁ ፊት ለፊት በጠዋት ታልፋለች። መንገድ ሳትቀይር። እኔም ከጎኗ ደረቴን ነፍቼ አልፋለሁ።

ቀጥሎ የሆነውን ያን ጊዜ አላወቅኩም፤ እናንተ ግን በቦታው ብታውቁት ይሻላል። እትዬ ለክትትል ብቻዋን ሄደች። ሐኪሟ የግራውን አየች፣ ግፊቱ ወርዷል፣ ደህና ነው አለቻት። "ቆቡ ግን በጣም ጠቁሮብዎታል። ከፈለጉ ሌላ ዓይነት ጠብታ ልቀይርልዎ፤ ቀስ እያለ መልኩ ይመለሳል።"

"አይ፣ ይኼው ተስማምቶኛል" አለች እህቴ።

"እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ቀኙም ላይ ያድርጉ። ግፊቱ ጨምሯል፣ መጠበቅ አይቻልም።"

ጠብታውን ተቀብላ ወጣች። አንድም ቀን ቀኝ ዓይኗ ውስጥ አላደረገችውም። ሁለቱ ቆቦች እኩል ቢጠቁሩ ማን ተመታች ይላል? ሰው ግራ ቀኟን አይቶ፣ "ለካ መድኃኒት ነው" ይላል፣ ፍልቅልቁም በማግስቱ ወንበሩ ሞልቶ ይስቃል። ስለዚህ በየማታው ግራውን ታጠጣዋለች፣ ቀኙን ትተወዋለች። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እንደሚባለው ነው። ሐኪም ቤትም "ደህና ነኝ" እያለች መሄድ አቆመች፤ ጠብታውን ከመድኃኒት ቤት ትገዛለች።

ዓመቱ ዞረ፣ ሌላውም ዞረ። ሱቁ ውስጥ ከአንዱ ወንበር በቀር ሌላው ተሸጠ። ፍልቅልቁ መቅጠን ጀመረ፣ ማንንም ማስመሰል ተወ፤ ሰላምታው እንኳ ያነሰ ሆነ። እኔ አላዘንኩለትም። አንዲት ቃል ነበረች፣ ከአፉ ብትወጣ ያልቅ ነበር።

አንድ ቀን ግን አንዲት ደንበኛ ቀሚስ ይዛ ተመለሰች። ጠርዙን ገልብጣ መነጽር አልፈለገችም። "ይኼ ምንድነው?" አለች። ክሩ ከውጭ ይታያል። አንዱ ስፌት ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ጨርቁን ስቶ አየር ላይ። አሠሪያችን እትዬን ማየት አፍራ እኔን አየችኝ። እትዬ ቀሚሱን ተቀብላ በጣቷ ዳሰሰችው። "ብርሃኑ ነው" አለች። ቀትር ነበር፣ ወንበሯም መስኮቱ ሥር ነው። ያን ቀን ፈትታ ስትሠራው መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት። እኔ አስገባሁላት። በዚያ ቤት ውስጥ ለእትዬ ክር ያስገባ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

ባሏን ራሴ ሄጄ ጠራሁት፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሳናገረው የመጀመሪያዬ ነው። "ጋሼ፣ እትዬ አታይም" አልኩት። የአንድ ሰው ፀጉር ግማሽ ላይ ትቶ ወጣ። ሦስታችንም ሐኪሟ ጋ ሄድን።

ሐኪሟ ብዙ ቆየች። መሣሪያው ላይ አገጯን አስደግፋ አየቻት፣ እንደገና አየቻት። "የግራው እንደተውነው ነው፣ ጥሩ ቆይቷል" አለች። "ቀኙ ግን… ቀኙ ላይ የቀረው በጣም ትንሽ ነው። ጠብታው ለምን እንዳልሠራ አልገባኝም።" ከዚያ ወንበሯን ስባ ተጠጋችና በመሣሪያው ሳይሆን በባዶ ዓይኗ የእህቴን ፊት አየች። በጣቷ የግራውን ቆብ ነካች፣ ጠቁሯል፣ ዓይኑ ሰርጉዷል፣ ሽፋሽፍቱ ቅንድቧን ሊነካ ደርሷል። የቀኙን ነካች። ንጹሕ ነው። እንደ ልጅ ቆብ ንጹሕ።

"እናቴ" አለቻት፣ "እዚህኛው ዓይን ውስጥ ጠብታ ገብቶ ያውቃል?"

እትዬ ዝም አለች። ዝምታዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠላሁት።

ፍልቅልቁ ግን ወዲያው ገባው። እኔ ገና እያሰብኩ ሳለ እሱ ከግድግዳው ተደግፎ ወደ ታች ተንሸራተተ፣ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱ ላይ ከደነው። "ሁለቱም እንዳይመሳሰሉ ነው" አለ፣ ለማንም አይደለም የሚናገረው። "እኔን እንዳያምኑኝ ነው።" ሐኪሟ እሱንም እኔንም አየች፣ ምን እያለ እንደሆነ አልገባትም። እትዬ ወደ ድምፁ ዞራ፣ "ቃልህን አልተናገርክም ነበር" አለችው። ድምፅዋ ውስጥ ጸጸት ፈልጌ ነበር። አላገኘሁም።

በማግስቱ ተናገረ። ለዚያ ቀን ብሎ የድሮ ደንበኞቹን እየዞረ ለምኖ ሰብስቧል፤ የመጡት ጥቂት ናቸው፣ ጡረተኛው ሹፌር ግን አልቀረም። እኔና እትዬ በሩ ላይ ቆምን። ፍልቅልቁ ድሮ በሚያስመስልበት ቦታ ላይ ቆመ። ፎጣ ትከሻው ላይ አልነበረም። "ሚስቴ ዓይኗን ታማ እይታዋ ሲጠፋ ነው ከበር ጋር የምትጋጨው" አለ። "እኔ ያን እያስመሰልኩ አስቄያችኋለሁ። ካወቅኩም በኋላ አስቄያችኋለሁ። ባለጌ ነኝ።" ሌላም ሊል ነበር፣ እንባ አላስጨርስ አለው። ሰዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ለዓመታት የጓጓሁት ይህ ነበር፤ ሲመጣ ልቤ እንደሚዘል ነበር የማስበው። ዘሎም ነበር፣ ግን ለአፍታ ነው።

እትዬ ቃሏን ጠበቀች። ከቦርሳዋ ጠብታውን አወጣች። "እውነቱን ነው" አለች። "እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም። ቆቤን ያጠቆረው ይኼ መድኃኒት ነው። ሳልናገር የቀረሁት ተናድጄበት ነው።"

ሰዎቹ ጠብታውን አላዩም። የሚያዩት ቀኝ ዓይኗን ነው፤ ከግራው ተለይቶ ወደ ዳር የሸሸውን፣ ባዶ ግድግዳ ላይ ተተክሎ የቀረውን። ጡረተኛው ሹፌር ተነሥቶ ኮፍያውን አደረገ። እትዬን፣ "ይሁን፣ ልጄ። ትዳርሽን መያዝሽ ነው፣ አልፈርድብሽም" አላት። ፍልቅልቁ አጠገብ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሁላችንም እየሰማነው፣ "አንዱን ዓይኗን አጥፍተሃል። ቢያንስ አንዱን ተውላት" አለው። ሌሎቹም ተከትለውት ወጡ።

ሱቁን ዘግተን ወደ ቤት አብረን ሄድን። በቀኟ በኩል አታይምና ባሏ በዚያ በኩል ሆኖ ክንዷን ይዟታል፣ እኔ ከኋላ ነኝ። የገበያ ሰዓት ነው፣ ሰው ሞልቷል፣ ሁሉም ዞር እያለ የባሏን እጅ ያያል፤ እንዴት ጠበቅ አድርጎ እንደያዛት። እትዬ ሹክሹክታውን ትሰማለች። ጆሮዋ እንኳ ደህና ነው።

"ልቀቀኝ" አለችው ቀስ ብላ። "ልቀቀኝ፣ ሰው እያየህ ነው።"

"ልይዝሽ እንጂ፣ መንገዱ…"

"ለአንተ ብዬ ነው፣ ልቀቀኝ!"

ክንዷን መንጭቃ አስለቀቀችና ወደ ቀኝ አንድ እርምጃ ተራመደች። የብርቱካን ጋሪ እዚያ ቆሟል። ከነጋሪው ወደቀች፣ ብርቱካኑ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። እሱ እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

"ገፈተራት!" አለ አንድ ድምፅ። "በጠራራ ፀሐይ! በዓይኔ በብረቱ አየሁት!"

ሰው ተሰበሰበ፣ ባሏን በትከሻው ገፍቶ አራቀው። እኔ "አይደለም! እኔ እህቷ ነኝ!" እያልኩ ልገባ ብሞክር ማን ይሰማኛል። አንዲት የማላውቃት ሴት ዘንቢሏን ጥላ መሬት ላይ ተንበረከከችና እትዬን ከነአቧራዋ ደረቷ ላይ አስጠጋቻት። እትዬ ባሏ ያለበትን በማያይ ዓይኗ እየፈለገች ትጮኻለች፤ "እሱ አይደለም! እመኑኝ፣ እሱ አይደለም! እኔው ነኝ!"

ሴትየዋ ፀጉሯን እየደባበሰች፣ "አውቃለሁ፣ እናቴ" አለቻት። "ሁላችንም እንዲያ ነው የምንለው።"